የፓኒክ ሕመምና ባህርያዊ ሕክምና፦ ማን ይሻለዋል ብለን እንገምታለን?

ባለፈው ሴሚስተር በአብኖርማል ሳይኮሎጂ ኮርስ ላይ መምህራችን አንድ ጥያቄ ሰጡን። አንድ የሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ባለበት ጤና ጣቢያ የፓኒክ ሕመም ያለባቸው ሃያ ሰዎች ቢመጡ፣ ባለሙያው ደግሞ በሦስት ወር ውስጥ ማየት የሚችለው ስምንቱን ብቻ ቢሆን የትኞቹን ስምንት ትመርጣላችሁ? የሚል ነበር። ክፍሉ ከሞላ ጎደል በአንድ ድምፅ «ቶሎ ሊሻላቸው የሚችሉትን» ብሎ መለሰ። መልሱ ለጆሮ ደህና ነው። ግን ቶሎ የሚሻለው ማን እንደሆነ በምን እናውቃለን? ብናውቅስ ያንን ይዘን ሌላውን ሰው ወደ ቤቱ መመለስ እንችላለን ወይ? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለመመለስ እሞክራለሁ። ጥናቶቹ በአብዛኛው የአሜሪካና የአውሮፓ ናቸው። ምሳሌዎቼን ግን የማመጣው ከማውቀው አገር፣ ከከሚሴና ከአካባቢዋ ነው።

ሕመሙ

ፓኒክ ዲስኦርደር ራሱን የቻለ የሕመም ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ (በዲ.ኤስ.ኤም. ሦስተኛ እትም) ነው። ከዚያ በፊት «የጭንቀት ኒውሮሲስ» በሚባለው ሰፊ ስም ሥር ነበር የሚቆጠረው። ምልክቱ እንደሚታወቀው ድንገት የሚመጣና በደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያ የሚነካ ከባድ ፍርሃት ነው። ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ደረት ይወጋል፣ ራስ ያዞራል፣ እጅና እግር ይደነዝዛል፤ ሰውየው «ልሞት ነው» ወይም «ላብድ ነው» ይላል። መመሪያው ከዘረዘራቸው 13 ምልክቶች ቢያንስ 4 መታየት አለባቸው። አንድ ቀን እንዲህ መሆን ብቻውን ሕመም አይባልም። ሕመም የሚባለው እየተደጋገመ ሲመጣ፣ ቢያንስ ለ1 ወር ያህልም ሰውየው «መቼ ይመለስብኝ ይሆን» እያለ ሲሰጋ ወይም በዚያ የተነሣ አኗኗሩን ሲቀይር ነው። ይቺን «አኗኗሩን ሲቀይር» የምትለዋን ቃል አንባቢ ያዝ ያድርግልኝ፤ የጽሑፉ ዋና ጉዳይ እሷ ናት።

እኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ ወደ ሳይኮሎጂስት አይሄድም። «ልቤን» ብሎ ነው የሚነሣው። ከሚሴ ላይ አማርኛም አፋን ኦሮሞም ይነገራል፤ ጠያቂው በየትኛውም ቋንቋ «ይፈራሉ ወይ?» ብሎ ከጀመረ ከአንድ ጎልማሳ ነጋዴ የሚያገኘው መልስ «ምን ያስፈራኛል!» ነው። (በነገራችን ላይ ፍርሃት በአፋን ኦሮሞ «ሶዳ» ነው፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ግን የሚጠጣ ነገር ነው።) «ልብዎን ይመታዎታል ወይ?» ከተባለ ግን ታሪኩ ሁሉ ይፈስሳል።

የልብ ስጋቱ ደግሞ እንዲያው ከባዶ የመጣ አይደለም። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የሚመጣው የሩማቲክ ልብ በሽታ በኢትዮጵያ ወጣቶችን የሚይዝ እውነተኛ በሽታ ነው። እንቅርት ያለበት ሰው የታይሮይድ ዕጢው ከልክ በላይ ሲሠራ ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ደም ማነስም እንዲሁ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትን ይጨምራል፤ ቡናም በፓኒክ በሚታመሙ ሰዎች ላይ ማዕበሉን ሊቀሰቅስ እንደሚችል የታወቀ ነው። ስለዚህ ስለ ትንበያ ከማውራታችን በፊት ሰውየው በትክክል መመርመር አለበት። የታይሮይድ ሕመም ያለበትን ሰው ወንበር ላይ አስቀምጦ ስለ አስተሳሰቡ መወያየት ምንም አይፈይድለትም። «ሕክምናው አልሠራም» ከሚባልባቸው ሰዎች መካከል ጥቂቶቹ መጀመሪያውኑ ሌላ ሕመም የነበራቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ማዕበሉ የሚመጣው ከምርቃና በኋላ ብቻ ከሆነም ጥያቄው ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ጫቱን ቀንሶ ማየት ነው።

ሕክምናው ምን ያደርጋል?

እንግሊዛዊው ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጽሑፍ ሕመሙን እንደ አዙሪት ገለጸው። ሰውየው በሰውነቱ ላይ አንድ ለውጥ ይሰማዋል፤ ለምሳሌ ደረጃ ወጥቶ ልቡ መምታት ይጀምራል። ይህን «ልቤ ሊቆም ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ትርጉሙ ያስፈራዋል፣ ፍርሃቱ ልቡን ይበልጥ ያስመታዋል፣ የልቡ መምታት ደግሞ ለትርጉሙ ማስረጃ ይሆናል። ይኸው ነው፤ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሰውየው ሞት አጠገቡ የቆመ ይመስለዋል።

የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና (ብዙዎቻችን ሲ.ቢ.ቲ. የምንለው) ይህን አዙሪት ሁለት ቦታ ላይ ይቆርጠዋል። አንደኛው ትርጉሙ ላይ ነው። ሁለተኛውና እንደ እኔ አመለካከት ዋናው፣ ሰውየው የሚፈራውን የሰውነት ስሜት ሆን ብሎ እንዲቀሰቅሰው ማድረግ ነው። ለአንድ ደቂቃ በፍጥነት መተንፈስ፣ በቀጭን ስትሮ መተንፈስ፣ ባሉበት ቆሞ መሮጥ፣ በወንበር ላይ መሽከርከር። መሣሪያ አይፈልግም፤ ከሚሴ ላይ በቀትር ፀሐይ ዳገት መውጣት ብቻውን ግማሹን ሥራ ይሠራል። ሰውየው ልቡ እየመታ ይቆያል፣ አይሸሽም፣ አይሞትም፤ ሰውነቱ ይህን ይማራል። ፖምፖሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 72 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው የሕክምናውን ክፍሎች አንድ በአንድ ሲለዩ፣ ከተሻለ ውጤት ጋር ተያይዘው ያገኟቸው ይኸው የሰውነት ስሜትን መቀስቀስና ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት መገናኘት ነበሩ። ጡንቻን የማፍታታት ልምምድ ግን ከዝቅተኛ ውጤት ጋር ነው የተያያዘው። «እስቲ ተዝናና፣ ረጋ በል» የምንለው ምክር ያን ያህል የሚያስተማምን አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሕክምናው እንደሚሠራ ያሳየው ታዋቂው ጥናት ዴቪድ ባርሎውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ነው። 312 ታካሚዎች በዕጣ ተመድበው ከፊሎቹ ሲ.ቢ.ቲ.፣ ከፊሎቹ ኢሚፕራሚን የተባለውን መድኃኒት፣ ከፊሎቹ ሁለቱንም፣ ሌሎቹ ደግሞ የማስመሰያ ክኒን ወሰዱ። ሕክምናው እየተሰጠ ሳለ መድኃኒቱም ሲ.ቢ.ቲ.ውም ሠርተዋል። ሁሉም ካቆሙ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት ግን ሲ.ቢ.ቲ.ን ያለ መድኃኒት የወሰዱት ሁለቱን አጣምረው ከወሰዱት ይበልጥ ጸንተው ተገኙ። ጥሩ ዜና ነው። ነገር ግን ጥናቱ ሲጀመር ከቤት መውጣት እስኪያቅታቸው ድረስ የሚሸሹ ሰዎች አልተካተቱም፤ የተወሰዱት ሽሽት የሌለባቸው ወይም ቀላል ሽሽት ያለባቸው ብቻ ነበሩ። የመማሪያ መጻሕፍት ውጤቱን ሲጠቅሱ ይህንን ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። ለእኛ ግን የሚያስፈልገን ይኸው የተዘለለው ነው።

ሽሽት

ፖርተርና ቻምብለስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 በዚህ ጥያቄ ላይ የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስበው መረመሩ። በሲ.ቢ.ቲ. ያነሰ መሻሻል እንደሚመጣ ከሁሉ በላይ ወጥ በሆነ መንገድ ያመለከተው አጎራፎቢያዊ ሽሽት ነበር፤ ማለትም ማዕበሉ ቢመጣብኝ መውጫ አላገኝም፣ የሚደርስልኝም የለም ብሎ ከቦታዎች መራቅ። ከእሱ ቀጥሎ ሕክምናው ይሠራልኛል ብሎ አለመጠበቅ፣ የዕለት ተግባር ክፉኛ መጎዳት፣ እንዲሁም ፈሪና በሰው ላይ ጥገኛ የሆነ ጠባይ ይመጣሉ። አብዛኞቻችን በቅድሚያ የምንጠይቃቸው ዕድሜና ጾታ ብቻቸውን ይህን ያህል የሚያመለክቱት ነገር የለም።

ታዲያ ሽሽትን እንዴት እንለካለን? የውጭ መጠይቆች ስለ ሱፐርማርኬት፣ ስለ ሊፍት፣ ስለ ምድር ውስጥ ባቡር፣ ስለ ሲኒማ ቤት ይጠይቃሉ። ይህን መጠይቅ ተርጉመን ለአንድ የዳዋ ጨፋ ገበሬ ብንሰጠው ከምንም ነገር የማይሸሽ ጀግና ሆኖ ይወጣል፤ ሊፍት የት አግኝቶ ይሸሻል?

በእኛ አካባቢ ሽሽት የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። እንበል አንድ የከሚሴ ነጋዴ ሰኞ ሰኞ ኮምቦልቻን አልፎ ባቲ ገበያ ይወጣ ነበር። አሁን ልጁን ይልካል። «ልጁ ንግድ ይልመድ ብዬ ነው» ይላል፤ ሰውም ጎሽ ይለዋል። እሑድ ሰንበቴ መውረዱንም ትቷል። ጁምዓ መስጊድ ይሄዳል፣ ግን ድሮ ፊት ይሰለፍ የነበረው ሰው አሁን ጫማ ከሚወለቅበት ከበሩ አጠገብ ነው የሚቆመው። መካከል ከገባ ማዕበሉ ቢመጣ ሰልፉን አቋርጦ መውጣት አይችልማ። ከሱጁድ ሲነሣ ትንሽ ያዞረዋል፤ ያቺን ማዞር ይፈራታል። ክርስቲያን ቢሆን ኖሮ ቅዳሴውን ከውጭ ከዛፍ ሥር ያስቀድስ ነበር። ደሴ መሄድ ግድ ከሆነበት ከሹፌሩ ጎን ይቀመጣል፤ ከኮምቦልቻ በላይ ያለው ጠመዝማዛ ዳገት ሲጀምር ዓይኑን ይጨፍናል። ኪሱ ውስጥ አንዲት ክኒን አለች። አይውጣትም፣ መኖሯን ብቻ በእጁ እየዳሰሰ ያረጋግጣል።

ይህ ሰው በመጠይቅ ቢለካ «ቀላል» ይባላል። ኑሮው ግን በግማሽ አጥሯል።

የሴቶቹ ደግሞ የባሰ ተደብቋል። አንዲት የቤት እመቤት ከቤት አትወጣም ቢባል ማን ይደነግጣል? ትንሽ ልጅ ሳትይዝ መንገድ አትወጣም ቢባልስ? ወግ ነው ይባላል። እዚህ ላይ የሚለየው አንድ ጥያቄ ነው፦ ለቅሶ ቀርተው ያውቃሉ? በወሎ ምድር ጎረቤት ለቅሶ መቅረት ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ታሞ እንኳ ተደግፎ ይሄዳል። ደህና የምትመስል ሴት «ድንኳኑ ውስጥ ሙቀቱ ትንፋሼን ይይዘኛል» ብላ ሦስት ለቅሶ ከቀረች ሽሽቱ ከባድ ደረጃ ላይ ነው ብዬ ለመናገር አላመነታም። ወደፊት የከሚሴ ልጅ ሆኖ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ካለ፣ ሊፍቱንና ሲኒማውን አውጥቶ ለቅሶን፣ ሠርግን፣ ገበያን፣ የጁምዓ ሰልፍንና የሚኒባስ የኋላ ወንበርን ያስገባ መጠይቅ አዘጋጅቶ ቢሞክር ከአንድ ተጨማሪ የትርጉም ሥራ ይልቅ ይጠቅመናል።

«ምንም የለብዎትም»

ሁለተኛው አመልካች ተስፋ ነው። ሰውየው ሕክምናው ይሠራልኛል ብሎ ይጠብቃል ወይ? ከእኛ አገር የሕክምና ጉዞ አንጻር ስናየው ይህ የሰውየው ጠባይ ብቻ አይደለም፤ በየደረጃው የተነገረው ነገር ድምር ነው። ጤና ጣቢያ ሄደ፣ «ምንም የለብዎትም» ተባለ። ደሴ ሄዶ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ተነሣ፣ «ምንም የለብዎትም»። ገንዘብ ተበድሮ አዲስ አበባ ዘለቀ፣ እዚያም ያው። ሐኪሞቹ ስለ ልቡ የተናገሩት እውነት ነው። ሰውየው የሚሰማው ግን «አላገኙትም» የሚል ነው። ትናንት ማታ ሞቶ የተነሣ ሰው «ምንም የለብህም» ሲባል ምን ይበል? እንግዲህ አራተኛው ባለሙያ መጥቶ «በንግግርና በልምምድ ይሻልዎታል» ሲለው ባያምን አይፈረድበትም። «ልብዎ ደህና ነው፤ ያለብዎት ሕመም ግን ስም አለው፣ ሕክምናም አለው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያው ቀን ብትነገር ኖሮ ተስፋውም፣ የተበደረው ገንዘብም በተረፈ ነበር።

ከተስፋ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። አይዛክ ማርክስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ለንደንና ቶሮንቶ ላይ 154 ታካሚዎችን ይዘው ባወጡት ጥናት አልፕራዞላም የተባለውን ማስታገሻና የሚፈሩትን የመጋፈጥ ልምምድ አነጻጽረው ነበር። በልምምዱ የመጣው መሻሻል ቆየ፤ በክኒኑ የመጣው ክኒኑ ሲቆም ሄደ። ባሶግሉና ባልደረቦቹ በዓመቱ በዚያው መረጃ ላይ ተመሥርተው ያሳዩት ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ከተሻላቸው ሰዎች መካከል «ያዳነኝ ክኒኑ ነው» ብለው ያመኑት ሕመሙ የሚመለስባቸው ሆኑ።

ይህን ወደ እኛ ስናመጣው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰው ሸህ ዘንድ ሄዶ ዱዓ ያስደርጋል፣ ክታብ ይይዛል፣ ጠበል ይጠመቃል። እነዚህን የሚያጣጥል ባለሙያ በሁለተኛው ቀን ታካሚውን አያገኘውም፤ ማጣጣልም ተገቢ አይመስለኝም። ዱዓ የሚያደርግ ሰው ከሲ.ቢ.ቲ. አይጠቀምም የሚል ነገርም የትም አላነበብኩም። ጥያቄው ሰውየው ገበያ መሃል ቆሞ ማዕበሉ ሲያልፍ «አላህ ረድቶኝ ቆሜ አሳለፍኩት» ይላል ወይስ «ክታቡን ባልይዝ ኖሮ ሞቼ ነበር» ይላል የሚለው ነው። የመጀመሪያው ሰው ነገ እንደገና ይቆማል። ሁለተኛው ክታቡ ቤት የተረሳ ቀን ከበሩ አያልፍም። የኪስ ክኒንም፣ የውኃ ጠርሙስም፣ የልጅ እጅም፣ ሞባይልም በዚሁ ሚዛን ነው የሚታዩት።

ስምንቱን መምረጥ

እስካሁን ያለውን ይዘን ብንሄድ የክፍላችን መልስ ልክ የሆነ ይመስላል፤ ሽሽቱ ቀላል የሆነውን፣ ተስፋ ያለውን ምረጥ፣ ሌላውን ተው። እኔ ግን አልስማማም። ምክንያቴ «የውጤት አመልካች» እና «የሕክምና ጥቅም አመልካች» ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ሄለና ክሬመርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ይህን ልዩነት በግልጽ አስቀምጠውታል። የመጀመሪያው ምንም ዓይነት ሕክምና ይሰጠው ወይ አይሰጠው ማን በመጨረሻ ደህና እንደሚሆን ይናገራል። ሁለተኛው ሕክምናው ለማን የበለጠ ለውጥ እንደሚያመጣ ይናገራል።

በቁጥር ላሳይ፤ ቁጥሮቹን ለማስረዳት ብዬ ያወጣኋቸው እንጂ ከጥናት የመጡ አይደሉም። ቀላል ሽሽት ያለባቸው 10 ሰዎች ሲ.ቢ.ቲ. ቢያገኙ 8ቱ ዳኑ እንበል። ሕክምና ሳያገኙ ቢቀሩስ? 5ቱ በራሳቸው ቀስ በቀስ ተሻላቸው። ከባድ ሽሽት ካለባቸው 10 ሰዎች ደግሞ በሕክምና 5 ዳኑ፣ ያለ ሕክምና ግን 1 ብቻ። የዳኑትን ብቻ ለሚቆጥር ሪፖርት የመጀመሪያው ቡድን ይበልጣል፤ 8 ከ5 ይሻላል። ሕክምናው ራሱ ያመጣውን ለውጥ ብንቆጥር ግን በመጀመሪያው ቡድን 3 ሰው፣ በሁለተኛው 4 ሰው ነው። ቀላሎቹን የመረጠ ባለሙያ ሪፖርቱ ያምራል፣ ያተረፈው ሰው ግን ያንሳል። ፖርተርና ቻምብለስ የሰበሰቡት በአብዛኛው የመጀመሪያውን ዓይነት መረጃ ነው። እሱን ይዞ ሰውን ከበር መመለስ መረጃው ያላለውን ማስባል ይሆናል።

ከዚህ ይልቅ ሽሽት መለኪያው ለአሰጣጡ ቢውል ይሻላል። በዚህ ረገድ ትልቁ ማስረጃ ከጀርመን የመጣ ነው። ግሎስተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ፓኒክም አጎራፎቢያም ያለባቸው 369 ሰዎች ተሳተፉ፤ ማለትም ባርሎው ከጥናቱ ውጪ ያደረጋቸው ዓይነት ሰዎች ማለት ነው። ሕክምናው 12 ክፍለ ጊዜ ነበረው። ከፊሎቹን ባለሙያው ቢሮ ውስጥ ካዘጋጃቸው በኋላ «ሂዱና ተለማመዱ» አላቸው፤ ከፊሎቹን ግን አብሯቸው ወጥቶ አውቶቡስ ተሳፈረ፣ ሕዝብ መካከል ቆመ። ሁለቱም ወገን ከሚጠባበቁት ሰዎች የተሻለ ለውጥ አሳየ። በተለይ ሽሽትን በመቀነስ ረገድ አብሮ የወጣላቸው በልጠው ተገኙ።

ይህ ለከሚሴ ምን ማለት ነው? ከሃያው ሰው መካከል ቀላል ሽሽት ያለባቸውን በቡድን ሰብስቦ የሰውነት ስሜት ልምምዱን አስተምሮ የቤት ሥራ መስጠት ይቻላል። ለእነሱ ብዙ ሰዓት አያስፈልግም። ስምንቱ የግል ቦታ ግን ባቲ ለቀረው ነጋዴና ለቅሶ ለቀረችው እመቤት መሆን አለበት፤ ባለሙያውም ቢሮውን ቆልፎ አብሯቸው ባጃጅ ላይ መውጣት አለበት። እዚህ ላይ አንድ ጓደኛዬ «ባለሙያው ጊዜ የት አለው?» ብሎ ተከራክሮኛል። ልክ ነው፣ ጊዜ የለውም። ከሁለተኛው ጉዞ በኋላ ግን አብሮ የሚወጣው ሰው የግድ እሱ መሆን የለበትም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ወንድም በአንድ ሰዓት ሥልጠና «ዝም ብለህ አብረህ ቁም፣ አታባብል፣ ውኃ አታቀብል፣ ወደ ቤት አትመልስ» የሚለውን ሊማር ይችላል ብዬ አምናለሁ። ዘመድ እስካሁን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ልጁን ይልክለታል፣ መኪና ይከራይለታል፣ «ተወው ይቅርብህ» ይለዋል። ይህ ፍቅር ነው፣ ግን ሽሽቱን ይመግበዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የአእምሮ ጤና ክፍተትን የማጥበብ መመሪያ ለፓኒክ የራሱ ምዕራፍ አልነበረውም። በ2023 በታደሰው መመሪያ ግን ጭንቀት ራሱን የቻለ ክፍል አግኝቷል፤ በሲ.ቢ.ቲ. መርህ ላይ የተመሠረተ አጭር የንግግር ሕክምናም ፓኒክ ላለባቸው አዋቂዎች ይመከራል። ስለዚህ ከሃያ ሰው ስምንት የመምረጡ ጥያቄ ለክፍል ውይይት ብቻ የተፈጠረ ሆኖ አይቀርም።

ስለ አንጎል ምርመራ አንድ ሁለት ቃል

ሴሚናር ላይ «ይህ ሁሉ መጠይቅ ምን ያደርጋል፣ ወደፊት በአንጎል ፎቶ ይታወቃል» የሚል አስተያየት ተነሥቶ ነበር። እውነት ነው፣ ሐንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 የ49 ሰዎችን የአንጎል ምስል በኮምፒውተር መርምረው በሲ.ቢ.ቲ. የሚሻለውን ከማይሻለው በ82 ከመቶ ትክክለኛነት ለዩ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሰንደርማንና ባልደረቦቹ በሌላ ዓይነት የአንጎል ምርመራ ሲሞክሩት ግን ውጤቱ የሚታመን ሆኖ አልተገኘም። በትንሽ ቁጥር ሰው ላይ ኮምፒውተር ብዙ ነገር ሊያገኝ ይችላል። ማሽኑ ቢኖር እንኳ ባቲ ስለመቅረት የሚጠይቀውን ጥያቄ የሚተካ አይመስለኝም፤ እሱን ለመጠየቅ ደግሞ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

መንገዱ ራሱ ሲያስፈራ

አንድ ነገር ካላነሣሁ ጽሑፉ ሐሰተኛ ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬና አካባቢው ላይ የደረሰውን፣ በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራትም ጦርነቱ ኮምቦልቻንና ከሚሴን ሲያዳርስ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭትም ብዙ መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ «ደሴ አልሄድም» ያለ ሰው ሁሉ አጎራፎቢያ አለበት ማለት ስድብ ነው። መንገዱ የሚያሰጋ ሲሆን መቅረት ብልህነት ነው።

ልዩነቱን የሚያወጣው «ለምን ይቀራሉ?» የሚለው ጥያቄ ነው። «መንገዱ አያስተማምንም» ያለ ሰው መንገዱ ሲከፈት ይሄዳል፤ ከተማው ውስጥም ገበያ ይወጣል፣ ለቅሶ ይደርሳል። «ልቤ መንገድ ላይ ቢቆምስ» ያለው ግን መንገዱ ሰላም ቢሆንም አይሄድም፤ ከቤቱ አምስት መቶ ሜትር ያለው ገበያም ያስጨንቀዋል። ሦስተኛ ዓይነት ሰውም አለ። ልቡ የሚመታው የተኩስ ድምፅ የሚመስል ነገር ሲሰማ ወይም ያየውን ነገር ሲያስታውስ ነው። ይህ ከአደጋ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጉዳት ሊሆን ስለሚችል ሕክምናው ይለያል፤ ከፓኒክ ታካሚዎች ጋር ቀላቅሎ ቆጥሮ «ሲ.ቢ.ቲ. ከሚሴ ላይ አልሠራም» ማለት አይቻልም። ባለሙያውም የዕለቱን የመንገድ ወሬ ሳይጠይቅ ለማንም የጉዞ ልምምድ ማዘዝ የለበትም። መንገድ በተዘጋ ሳምንት የሰውነት ስሜት ልምምዱ ግቢ ውስጥ ይቀጥላል። ረመዳን ላይ ደግሞ ሰዓቱን ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ ይሻላል፤ ጾም፣ ሙቀትና የቡና መቅረት ተደምረው የሚያመጡት ራስ ምታትና ድካም ከልምምዱ ስሜት ጋር ይቀላቀላልና።

ከጀመሩ በኋላ ያለው ትንበያ

እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ የሚታየው ነው። ስሚትስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 130 ታካሚዎችን አይተው ሲ.ቢ.ቲ. የሚሠራው በዋናነት «ፍርሃትን መፍራት» ሲቀንስ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ፍርሃትን መፍራት የሚለካበት እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ባለ 16 ጥያቄ መጠይቅ አለ፤ «ልቤ በፍጥነት ሲመታ የልብ ድካም ሊይዘኝ ነው ብዬ እሰጋለሁ» የመሰሉ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሞላል፣ ድምሩ እስከ 64 ይደርሳል። በመጀመሪያው ቀን ማስሞላት፣ ከአራተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ እንደገና ማስሞላት ነው። ቁጥሩ ከወረደ ሽሽቱ ገና ባይለቅም ሰውየው በመንገድ ላይ ነው፤ መቀጠል ነው።

ካልወረደ «ይህ ሰው ሲ.ቢ.ቲ. አይሆነውም» ብሎ መዝገብ ከመዝጋት በፊት የቤት ሥራውን በእርግጥ መሥራቱን ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ይሠራዋል፤ ዳገቱንም ይወጣል፣ ገበያም ይቆማል፣ ግን ልጁ አብሮት አለ፣ ወይም ሞባይሉ የወንድሙ ቁጥር ተደውሎ ዝግጁ ሆኖ እጁ ላይ ነው፣ ወይም ያቺ ክኒን አለች። እንዲህ ሲሆን ሰውነቱ የሚማረው «ክኒኗ ስላለች ተረፍኩ» የሚለውን ነው። ስለዚህ ከአራተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀው ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ ነው።